«ምትኬ»፣ «ግልባጭ»፣ «ቅጂ»፦ ስለ ተሰራጨ የመረጃ ቋት አጠባበቅ የምንጠቀምባቸው ቃላት ሲመረመሩ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን በቅርቡ በእጃችን የገባ አንድ የሥልጠና መምሪያ ነው። መምሪያው የመረጃ ቋት ለሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ ሲሆን፣ ስለ ተሰራጨ የመረጃ ቋት፣ ይኸውም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሳይሆን በብዙ ኮምፒዩተሮች፣ አንዳንድ ጊዜም በተለያዩ ከተሞች ተከፋፍሎ ስለሚኖር የመረጃ ክምችት ያስተምራል። ያዘጋጀውን መሥሪያ ቤት ስም አንጠራም፤ የምንነቅፋቸው ነገሮች የእርሱ ብቻ አይደሉምና። ተርጓሚው ትጉህ ሰው መሆኑ ያስታውቃል፤ ዐረፍተ ነገሮቹ ይነበባሉ፣ ሰዋስዉም አይጐረብጥም። ችግሩ ያለው በስያሜዎቹ ላይ ነው። ከእነዚህም ውስጥ አንዱ ጉድለት ከቃላት አመራረጥ ጣዕም ያለፈ ጉዳት የሚያስከትል ስለ ሆነ፣ ሰፋ አድርገን ልንመለከተው ወድደናል።

ጉድለቱ ሁለት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦችን በአንድ ቃል መጥራት ነው። የመጀመሪያው ጽንሰ ሐሳብ፣ የመረጃ ቋቱ በአንድ በታወቀ ጊዜ የነበረውን ይዘት ቀድቶ፣ ከዋናው ለይቶ፣ ሳይነካካ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በዋናው ላይ የሚደረገው ለውጥ ሁሉ እግር በእግር እየተከተለ ወደ ሌሎች ኮምፒዩተሮች እንዲደርስ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይዘት ይዘው እንዲሠሩ ማድረግ ነው። መምሪያው ሁለቱንም «ምትኬ» ይላቸዋል። በአንዱ ምዕራፍ ላይ የመረጃ ቋቱ ሦስት «ምትኬዎች» በሦስት ኮምፒዩተሮች ላይ ሊኖሩት እንደሚገባ ይነግረናል፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ ደግሞ በየሌሊቱ «ምትኬ» መውሰድ ግዴታ መሆኑን ያስጠነቅቃል። አንባቢው፣ ሦስት ምትኬ ያለው ሰው አራተኛ ለምን ያሻዋል ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሊጠይቅም ሳይሆን፣ መልሱን ራሱ ሰጥቶ አራተኛውን ሊተወው ይችላል።

እንዲህ ያለው መሳሳት ምን እንደሚያስከፍል ለማየት፣ ባለቤቱ ራሱ ለሕዝብ የገለጸውን አንድ ታሪክ እንጥቀስ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ጊትላብ የተባለው የፕሮግራም ጸሐፊዎች አገልግሎት እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ሌሊት ላይ ችግር ገጠመው። የመረጃ ቋቱ በሁለት ኮምፒዩተሮች ላይ ነበር፤ አንዱ ዋናው፣ ሌላው ተከታዩ። ተከታዩ በሥራ ብዛት ኋላ ስለ ቀረ፣ ባለሙያው ይዘቱን ደምስሶ ከዋናው እንደገና ሊቀዳበት ሲሞክር፣ የመደምሰሻውን ትእዛዝ በዋናው ኮምፒዩተር ላይ ሰጠ። ወዲያው ቢያቋርጠውም፣ ከ300 ጊጋባይት ገደማ መረጃ የቀረው ጥቂት ነበር። ተከታዩ ቀድሞውኑ ተራቁቶ ስለ ነበር አላዳነም። በየዕለቱ ይወሰዳል ተብሎ ወደሚታመንበት ክምችት ቢሄዱ፣ ቦታው ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ የሚቀዳው ፕሮግራም ለ9.2 እትም የተዘጋጀ፣ የመረጃ ቋቱ ግን 9.6 እትም በመሆኑ፣ ቅጂው ሳይሳካ ሲቀር ቆይቶ ነበር። አለመሳካቱን የሚያስታውቀው የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤም በተቀባዩ በኩል ስላልተፈቀደ ለማንም አልደረሰም። በመጨረሻ የተረፈው፣ ከአደጋው ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ አንድ ባለሙያ ለሙከራ ሥራ ብሎ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። በእርሱ ተመልሶ ቢቆምም፣ በመካከል የነበረው የስድስት ሰዓት ሥራ ጠፍቷል፤ የጠፋውም ወደ 5000 ፕሮጀክት፣ ወደ 5000 አስተያየትና ወደ 700 የሚሆኑ የዐዲስ ተጠቃሚዎች መዝገብ እንደ ሆነ ተገምቷል።

የዚያ አገልግሎት ሰዎች በቃላት ተሳስተው አልነበረም፤ በእንግሊዝኛቸው ሁለቱ ጽንሰ ሐሳቦች ሁለት ስም አላቸው። ታሪኩን የጠቀስነው ነገሮቹ በሥራ ላይ እንዴት እንደሚለያዩ ስለሚያሳይ ነው። ተከታይ ኮምፒዩተር ዋናው ቢቃጠል ያድናል፤ ዋናው በስሕተት ቢደመሰስ ግን፣ ትእዛዙ በመረጃ ቋቱ በኩል የተሰጠ እንደ ሆነ፣ መደምሰሱንም ታዝዞ ይከተላል። ይህንን የሚያውቁት ሰዎች ሁለት ስም እያላቸው እንኳ እንዲህ ከተቸገሩ፣ ሁለቱን በአንድ ስም ለሚማረው የእኛ ባለሙያ ምን ልንለው ነው?

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። «ምትኬ» ከመምሪያው በፊትም በእጅ ስልኮች የአማርኛ ገጽ ላይ ገብቶ የተለመደ ነው። አወጣጡ ግልጽ ነው፤ «ተካ» ከሚለው ግስ «ምትክ» ይወጣል፤ በዚህ ላይ የአንደኛ መደብ ነጠላ ባለቤትነትን የሚያመለክተው «-ኤ» ሲጨመር «ምትኬ»፣ ማለትም «የእኔ ምትክ» ይሆናል። የሰው ስም ሆኖ በብዛት የምናውቀውም በዚሁ ፍቺው ነው፤ ልጅ ወይም ወንድም የሞተበት ቤተሰብ ከዚያ በኋላ የተወለደውን «ምትኬ»፣ «ምትኩ»፣ «ካሳ»፣ «ማስረሻ» ብሎ ይሰይማል። ስለዚህ ስልኩ «የእርስዎ ምትኬ» ሲል፣ በቀጥታ ሲተረጐም «የእርስዎ የእኔ ምትክ» ማለቱ ነው። መምሪያው «ምትኬዎች» ሲል ደግሞ የምዕላዶቹን ቅደም ተከተል ገልብጦታል፤ በአማርኛ የብዛት ምዕላድ ከባለቤትነት ምዕላድ ይቀድማልና፣ ደንቡ «ምትኮቼ» እንጂ «ምትኬዎች» አይደለም። እርግጥ ነው፣ ባለቤትነቱ ተረስቶ ከቃሉ ጋር የተጣበቀበት ሁኔታ በቋንቋችን የለም አይባልም፤ «እሜቴ» የሚለው ማዕረግ ለዚህ ምስክር ነው። ነገር ግን «እሜቴ» በሕዝብ አፍ ብዙ ዘመን ተንከባልሎ የተገኘ ነው። ለዐዲስ ሙያዊ ስያሜ ሆን ብሎ እንዲህ ያለ ቃል መምረጥ ምክንያት የለውም።

የቅርጹ ነገር ይቅርና በፍቺው በኩልም ቃሉ አይሆንም። ምትክ ማለት ሌላው በሌለበት፣ በእርሱ ፈንታ ቆሞ ሥራውን የሚሠራ ነው፤ ምትክ መምህር ክፍል ገብቶ ያስተምራል እንጂ ሣጥን ውስጥ ተቈልፎ አይቀመጥም። ተለይቶ የተቀመጠው ቅጂ ደግሞ እስኪፈለግ ድረስ ምንም ሥራ አይሠራም። በአንጻሩ ዋናው ሲወድቅ ወዲያው ቦታውን የሚይዘው ተከታይ ኮምፒዩተር በእርግጥ ምትክ ነው። ስለዚህ «ምትክ» የሚለውን ቃል፣ ያለ «-ኤ»፣ ለዚህ ተጠባባቂ ኮምፒዩተር ብንሰጠው ቦታውን ያገኛል፤ ዋናው ሲወድቅ ሥራውን መረከቡም «መተካት» ቢባል ምንም አይጐድለውም።

ታዲያ ተለይቶ ለሚቀመጠው ምን እንበል? ሩቅ መሄድ አያሻም። ሾፌሮቻችን ከጣሊያንኛ የወሰዱት «ስኮርታ» የሚል ቃል አላቸው። ስኮርታ ከመኪናው ጋር ይጓዛል፤ ነገር ግን መሬት አይነካም። በመንገድ ላይ የወደቀው ምስማር ሌሎቹን ጎማዎች ሲወጋ እርሱን አይወጋውም። በአንጻሩ የጭነት መኪና የኋላ ድርብ ጎማዎች ጎን ለጎን ተጣምረው ይሽከረከራሉ፤ አንዱ ቢተነፍስ ሌላው መኪናውን ጥቂት ያስኬደዋል፤ ምስማር የበዛበት ቦታ ላይ ግን ሁለቱም አብረው ይወጋሉ። ባለድርብ ጎማ መኪና ስላለው ስኮርታ መያዝ የተወ ሾፌር አላየንም። «ስኮርታ»ን ለመረጃ ቋት እንውሰድ ማለታችን አይደለም፤ ቃሉ ከጎማ ጋር የተቈራኘ ነው። ለማሳየት የፈለግነው፣ ልዩነቱ ለአማርኛ ተናጋሪው እንግዳ አለመሆኑን ነው።

ለስኮርታው ዓይነት የሚሆን አጠቃላይ ቃል አለን፤ እርሱም «መጠባበቂያ» ነው። የመጠባበቂያ እህል፣ የመጠባበቂያ ገንዘብ እንላለን፤ ሁለቱም ከዕለት ፍጆታ ተለይተው፣ ለክፉ ቀን የተቀመጡ ናቸው። መለየትና መቀመጥ የሚሉት ሁለቱ ባሕርያት በቃሉ ውስጥ አሉ። ስለዚህ «መጠባበቂያ ቅጂ» የሚለው ስያሜ፣ ድርጊቱም «መጠባበቂያ መያዝ»፣ ከማንኛውም አማራጭ ይሻላል ብለን እናምናለን። አንዳንዶች ቃሉ ረጅም ነው ይላሉ። «ምትኬ» በስልክ ገጽ ላይ የበለጠበት ምክንያትም ይኸው እጥረቱ ሳይሆን አይቀርም። በጠባብ ቦታ ላይ «ቅጂ»ን ትቶ «መጠባበቂያ» ብቻ ማለት ይቻላል፤ «የመጠባበቂያ» የሚያስከትለው ስም ከአገባቡ ይታወቃልና።

ለሁለተኛው ጽንሰ ሐሳብ የቀረቡት ቃላት «ግልባጭ»፣ «ማባዛት»፣ «ማመሳሰል» ናቸው። «ግልባጭ» በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ግርጌ የምናየው ነው፤ ደብዳቤው ለሌሎች ክፍሎችም መላኩን ያመለክታል። ሆኖም ዋናው ደብዳቤ ነገ ቢሻር በየክፍሉ የታሰረው ግልባጭ አብሮ አይሻርም፤ ስለዚህ የመከታተል ባሕርይ የለውም። ከዚህም በላይ «ገለበጠ» መኪናንም መንግሥትንም ስለሚገለብጥ፣ «የመረጃ ቋቱ ተገለበጠ» የሚል ማስታወሻ በሌሊት የሚደርሰው ባለሙያ ምን እንደሚያስብ መገመት አያስቸግርም። «ማባዛት» ከስቴንስል ዘመን የመጣ ነው፤ ወረቀቱ ተባዝቶ ከታደለ በኋላ ከእናቱ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። በሒሳብ ያለውም ፍቺ አብሮ እየገባ ያውካል። ስለ «ማመሳሰል» ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አንድ የሥራ ባልደረባችን ከ«መንታ» ተነሥተን ግስ እንፍጠር የሚል ሐሳብ አቅርበውልን ነበር። ችግሩ ቦታው መያዙ ነው፤ «አመነታ» አለ፣ ፍቺውም በሁለት ሐሳብ መካከል መዋለል ነው። ሁለት ቅጂዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚታየውን ነገር በትክክል መግለጹ ያስቃል እንጂ፣ ለስያሜ አይረዳንም።

በበኩላችን የምናቀርበው «ተጓዳኝ ቅጂ» የሚለውን ነው። «ተጓዳኝ» አብሮ የሚሄድን፣ ጎን ለጎን ያለን ነገር ያመለክታል፤ «በተጓዳኝ» የሚለው ተውሳከ ግስም በዕለታዊ ንግግር የታወቀ ስለ ሆነ፣ ድርጊቱ «በተጓዳኝ መቅዳት» ሊባል ይችላል። አንድ ሰው «ሦስት ተጓዳኝ ቅጂዎች አሉን፤ መጠባበቂያ ግን አልያዝንም» ቢል፣ የሚሰማው ሁሉ የጐደለውን ነገር ወዲያው ይረዳል። «ሦስት ምትኬ አለን፤ ምትኬ ግን የለንም» የሚለውን ግን ማን ይረዳዋል?

በዚህ ረገድ የጽሕፈት ታሪካችን ራሱ መልካም ምሳሌ ይሰጠናል። የብራና መጽሐፍ ከመጽሐፍ ሲቀዳ የመጀመሪያው ጸሐፊ ስሕተት ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛውም ወደ ሦስተኛው እንደሚተላለፍ፣ የጽሑፍ ምርመራ የሚያካሂድ ሁሉ ያውቃል፤ የቅጂዎች መብዛት ስሕተቱን አያርመውም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺሕ የሚቈጠሩ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቶ፣ ፊልሙን በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኔሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የብራና ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ አድርጓል። ብራናው ከዚያ ቀን በኋላ ቢፋቅ፣ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል፣ በፊልሙ ላይ ያለው እንደ ተነሣበት ቀን ይኖራል። በእኛ አጠራር ይህ የለየለት መጠባበቂያ ቅጂ ነው፤ ያውም በሌላ አህጉር የተቀመጠ። ባለሙያዎቹ ዛሬ ቢያንስ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ከግቢ ውጭ ይሁን የሚሉት ደንብ ከዚህ አሠራር የራቀ አይደለም።

መጠባበቂያውን ወደ ሥራ መመለስን በሚመለከት፣ የተለመደው «ወደነበረበት መመለስ» ነው። ስድብ አይገባውም፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ቀላቅሏል። ቅጂውን ከማስቀመጫው አውጥቶ በኮምፒዩተሩ ላይ ማስፈር አንድ ሥራ ነው፤ አገልግሎቱ በሙሉ ቆሞ ሰው እንዲጠቀምበት ማድረግ ሌላ ሥራ ነው። የመጀመሪያውን «መልሶ መቅዳት»፣ ሁለተኛውን «መልሶ ማቋቋም» ብንለው ይሻላል። መምሪያው በአንድ ቦታ ላይ «ማስመለስ» ብሏል፤ ይህን ቃል ከሆድ ሕመም ጋር አያይዞ የማይሰማ አንባቢ ስለሌለ ቢቀር ይመረጣል።

ወደ «ማመሳሰል» እንምጣ። በተጓዳኝ መቅዳት ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ዋናው ኮምፒዩተር ለውጡን ለተከታዮቹ ልኮ፣ ደርሶናል እስኪሉት ድረስ ለደንበኛው መልስ አይሰጥም። በሁለተኛው ግን መልሱን ወዲያው ይሰጣል፤ ለውጡን ለተከታዮቹ የሚያደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ይዘገያል፤ ሁለተኛው ይፈጥናል፣ ነገር ግን ዋናው በመካከል ቢወድቅ ተፈጽሟል የተባለው ሥራ ጠፍቶ ሊቀር ይችላል። መምሪያው እነዚህን «የተመሳሰለ» እና «ያልተመሳሰለ» ይላቸዋል። የእንግሊዝኛው ቃል በግሪክኛ ሥሩ ስለ ጊዜ ሲናገር፣ «ተመሳሰለ» ስለ መልክ ይናገራል። በዚህም የተነሣ የአማርኛው አንባቢ፣ «ያልተመሳሰለ» ሲባል ከዋናው የተለየ ይዘት ያለው፣ የተበላሸ ቅጂ ይመስለዋል። ልዩነቱ ግን ያለው በመጠበቅና ባለመጠበቅ ላይ ነው። ስለዚህ «ማረጋገጫ ጠባቂ» እና «ማረጋገጫ የማይጠብቅ» የሚሉትን እናቀርባለን። ማማራቸው ሊያከራክር ይችላል፤ ነገሩን ግን ይናገራሉ።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ሌላው ጉዳይ፣ ቅጂዎቹ ለጊዜው ቢለያዩም ዐዲስ ለውጥ ካልመጣ የኋላ ኋላ አንድ መሆናቸው የማይቀርበት አሠራር ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ዳይናሞ ባሳተመው ጥናት ይህንን አሠራር በሰፊው አስተዋውቋል፤ በዚያው ጥናት ላይ ደንበኛው ከግዢ ቅርጫቱ ያወጣው ዕቃ ተመልሶ ሊታይ እንደሚችል ሳይደብቅ ተገልጿል። መምሪያው ይህንን «ሊኖር የሚችል ወጥነት» ብሎ ተርጕሞታል። እዚህ ላይ ተርጓሚው በፈረንሳይኛው ወይም በጣሊያንኛው አቻ መሰል ቃል የተታለለ ይመስለናል፤ በእነዚያ ቋንቋዎች ቃሉ «ምናልባት የሚሆን» ማለት ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ግን «በመጨረሻ የሚሆን» ማለት ነው። ስሕተቱ ትንሽ አይደለም፤ ተስፋ የተሰጠበትን ነገር ወደ አጋጣሚ ለውጦታል። አማርኛ «ውሎ ዐድሮ» የሚል ውብ ሐረግ እያለው ለምን ይቸገራል? «ውሎ ዐድሮ የሚገጥም» ቢባል፣ መዘግየቱንም አለመቅረቱንም አንድ ላይ ይይዛል።

ክፍፍልን በሚመለከት ያለው ችግር ደግሞ ከእንግሊዝኛው የተወረሰ ነው። በእንግሊዝኛ አንዱ ቃል፣ ሰፊውን መረጃ ሆን ብሎ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ መከፋፈልንም፣ በኮምፒዩተሮቹ መካከል ያለው መስመር ሳይታሰብ ተቋርጦ እርስ በርስ መነጋገር አለመቻላቸውንም ያመለክታል። አማርኛ ይህንን ድህነት መውረስ የለበትም። የመጀመሪያውን የከተማ መሬት አስተዳደር ከሚጠቀምበት «ሽንሻኖ» ወስደን «የመረጃ ሽንሻኖ»፣ ድርጊቱንም «መሸንሸን» ብንለው፣ ማንም አይሳሳትም። ሁለተኛው «መቈራረጥ» ነው። ኤሪክ ብሩወር እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረበው፣ ጊልበርትና ሊንች በ2002 በሒሳብ ያረጋገጡት የታወቀ ሐሳብ፣ መስመሩ በተቈራረጠ ጊዜ የተሰራጨ ሥርዓት ወይ ወጥነቱን ወይ ለሁሉም ጠያቂ መልስ መስጠቱን መተው ግድ ይሆንበታል ይላል። መምሪያው «ክፍፍልን መቻል» ሲለው፣ መሸንሸንን እንደ አንድ ችሎታ አድርጎ ያስተምራል። የመቈራረጡን ክብደት ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 2018 በጊትሀብ የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ መስመር ላይ የደረሰው መቋረጥ 43 ሴኮንድ ብቻ ቢቈይም፣ በሁለቱም ጠረፎች ያሉት የመረጃ ቋቶች ሌላው ጋ ያልደረሱ ጽሑፎችን ይዘው ስለ ተገኙ፣ አገልግሎቱ ወደ ጤንነቱ የተመለሰው ከ24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ በኋላ ነው።

እንዲህ ዓይነቱን መለያየት ለመከላከል የሚያገለግለው ዘዴ የብዙኃን ድምፅ ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ከተርጓሚው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ጠብቆታል ለማለት ያስደፍራል። ዴቪድ ጊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው ጥናት፣ ለእያንዳንዱ ቅጂ ድምፅ ሰጥቶ፣ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ድምፅና ለማንበብ የሚያስፈልገው ድምፅ ሲደመር ከጠቅላላው ድምፅ እንዲበልጥ ደነገገ። ሦስት ቅጂ ካለ፣ ለመጻፍ ሁለት፣ ለማንበብም ሁለት ቢያስፈልግ፣ ሁለትና ሁለት አራት ነውና ከሦስት ይበልጣል፤ ስለዚህ የሚያነበው ሰው ከሚያነጋግራቸው ሁለት ቅጂዎች ቢያንስ አንዱ የመጨረሻውን ጽሑፍ ያየ ይሆናል። ሌስሊ ላምፖርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን በፓክሶስ ደሴት ባለ የምክር ቤት ታሪክ አስመስሎ አቀረበው፤ የምክር ቤቱ አባላት ወጣ ገባ እያሉ፣ መልእክተኞቹም እየጠፉ፣ ሕጉ ግን ሳይጣረስ እንዴት እንደሚጸድቅ ያሳያል።

ለዚህ ሁሉ መምሪያው የእንግሊዝኛውን ቃል በፊደላችን ጽፎ «ኮረም» ብሏል። በቀበሌ ስብሰባ፣ በዕድርና በማኅበር ጉባኤ፣ በምክር ቤትም ዘወትር የምንሰማው «ምልአተ ጉባኤ» የት ሄደ? ቃሉ በግእዝ ሥሩ «የጉባኤው ሙላት» ማለት ስለ ሆነ፣ ሁሉም ሳይገኙ ሊባል አይገባውም የሚል ተከራካሪ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን አጠቃቀሙ ይህን ጥያቄ ከፈታው ቈይቷል፤ የዕድር ሰብሳቢ «ምልአተ ጉባኤው ተሟልቷል» ሲል፣ ሰው ሁሉ መጥቷል ማለቱ እንዳልሆነ አባላቱ ያውቃሉ። የውጭ ቃል መዋስን በመርሕ አንቃወምም፤ «ኮምፒዩተር» ተዋውሰን ተስማምተንበታል። መዋስ የሚገባው ግን ጐረቤት ሄዶ ከመጠየቅ በፊት የራስን ጓዳ ካዩ በኋላ ነው።

ከግእዝ በመውሰድ በኩል የሠመረ ምሳሌ «ውሂብ» ነው። «ወሀበ» ካለው፣ ሰጠ ከሚለው ግስ ተወስዶ፣ የላቲኑን «የተሰጠ» የሚል ፍቺ ተከትሎ የተሰየመ ነው። ሰዋስውን አጥብቀን ብንይዝ፣ «ውሂብ» አርእስት ነው፣ መስጠት ማለት ነው፤ የተሰጠ ለማለት «ውሁብ» ያስፈልግ ነበር። ቃሉ አሁን በሰፊው ስለ ገባ ይህን አንስተን ልናውከው አንፈልግም፤ ከ«ምትኬ» የሚለየውም አንባቢን ወደ ሌላ ነገር ስለማይመራው ነው። መምሪያው «መረጃ» እና «ውሂብ»ን እያቀያየረ መጠቀሙ ግን አልተመቸንም። አንዱን ይያዝ።

ዋናውንና ተከታዩን ኮምፒዩተር በሚመለከት አጭር ቃል እንናገራለን። በእንግሊዝኛ ለብዙ ዘመን ሲባል የቈየው «ጌታ» እና «ባሪያ» ነበር፤ መምሪያውም እንዳለ ገልብጦታል። የቃሉ ባለቤቶች ራሳቸው ከተዉት ቈይተዋል፤ ጃንጎ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ሬዲስ በ2018፣ ማይኤስኪውኤል በ2020 ስያሜውን ለመለወጥ ወስነዋል። በእኛ አገር ባርነት በዐዋጅ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1942 ቢሆንም፣ ቃሉ ዛሬም ሰውን ለማቁሰል የሚወረወር ነው። «መሪ» እና «ተከታይ» ይበቃሉ፤ ሥራቸውንም በተሻለ ይገልጻሉ፣ መሪው ሲወድቅ ከተከታዮቹ አንዱ መሪ ይሆናልና፤ ባሪያ ጌታ ሲሆን ግን ታሪክ እንጂ ደንብ አይደለም።

የሚቀረው የለውጥ መዝገቡ ነው። የመረጃ ቋት በይዘቱ ላይ ማንኛውንም ለውጥ ከማድረጉ በፊት የሚያደርገውን በተራ የሚጽፍበት መዝገብ አለው። በተጓዳኝ መቅዳት የሚካሄደው ብዙውን ጊዜ ይህን መዝገብ ወደ ተከታዮቹ በመላክ ነው። መጠባበቂያ ቅጂም ከዚሁ መዝገብ ጋር ሲያያዝ የበለጠ ይጠቅማል፤ የእሑድ ሌሊቱን ቅጂ መልሶ ቀድቶ፣ ከዚያ ወዲህ የተጻፈውን መዝገብ አንድ በአንድ እያስፈጸሙ፣ ስሕተቱ ከተሠራባት ደቂቃ በፊት ላይ ማቆም ይቻላል። መምሪያው መዝገቡን «ሎግ»፣ ማስፈጸሙን «መልሶ ማጫወት» ይለዋል። «መዝገብ» ብቻውን የፍርድ ቤቱንም የቃላቱንም የሒሳቡንም ስለሚያስብ፣ «የውሎ መዝገብ» ብሎ ማጥበብ የሚበቃ ይመስለናል፤ የዕለቱ ሥራ በተሠራበት ቅደም ተከተል የሰፈረበት ማለት ነው። «ማጫወት» ከቴፕ ክር የመጣ ነው፤ እዚህ ግን የሚሰማ ድምፅ የለም፤ በመዝገቡ የሰፈረው ትእዛዝ እንደገና ይፈጸማል፤ ስለዚህ «ዳግም ማስፈጸም» ቢባል የተገባ ነው።